ሰው ያጣች አጥቢያ፦ ትዘጋ? ትደረብ? ወይስ ትቀጥል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በበዓል ቀን በመገናኛ ታክሲ ተራ በኩል ያለፈ ሰው ይህን ያውቀዋል። ጥላ ተዘርግቷል፤ ከጥላው ሥር የመልአኩ ወይም የእመቤታችን ሥዕል አለ፤ አንድ ወንድም ድምፅ ማጉያ ይዞ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያዋ እያፈሰሰ መሆኑን፣ ጧፍና ዕጣንም እንደሌላት ይናገራል። እኛ ደግሞ የኮተቤ ታክሲ እንዳያመልጠን እየተጣደፍን አሥር ብር ጣል እናደርጋለን፤ ሥዕሉን እንሳለማለን፤ እንሮጣለን። እኔም ለብዙ ዓመት እንዲሁ ነበርኩ።

አንድ ቀን ግን ከፊቴ የነበሩ አንዲት ነጠላ ያጣፉ እናት ብራቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቆም አሉና ልጁን «ልጄ፣ ለመሆኑ ይህች ቤተ ክርስቲያን ቄስ አላት?» ብለው ጠየቁት። ልጁ ድምፅ ማጉያውን ዝቅ አደረገ። «እናቴ፣ ቄሱ አርጅተዋል። ዲያቆናቱም ለሥራ ብለው ወደ ከተማ ወጥተዋል» አላቸው። እርሳቸውም ብሩን ከሥዕሉ ፊት አስቀመጡና «እንግዲያውስ ቆርቆሮ ብቻ አትለምን ልጄ፤ ሰውም ለምን» ብለውት ሄዱ።

ወገኖቼ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ነገር ከልቤ አልወጣም። ቆርቆሮው ይገዛል፤ ግን ማን ሊቀድስባት ነው? ቅዳሴ የታጎለባት፣ ካህናቷ የተመናመኑባት፣ ምእመናኗ የተበተኑባት አጥቢያ ምን ትሁን? እንደምንም ብላ ትቀጥል? ታቦቷ ወደ ጎረቤት አጥቢያ በደባልነት ይግባ? ወይስ ትዘጋ? ደግሞስ ይህን መወሰን የማን ነው? ከሩቅ ሆኖ የሚያዝነው ነው፣ ገንዘብ የሚሰጠው ነው፣ ወይስ እዚያው ቀርቶ የሚጾመው?

«ትዘጋለች» ማለት ክህደት ነውን?

«ቤተ ክርስቲያን ትዘጋለች ብሎ ማሰቡ ራሱ ኃጢአት ነው» የሚል ወንድም ይኖራል። ቅንዓቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን እንለይ። ጌታችን የሲኦል ደጆች እንደማይችሏት የመሰከረላት (ማቴ. 16፥18) በዓለም ሁሉ ያለች፣ አንዲት፣ ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ናት። ለእያንዳንዷ አጥቢያ ግን በቆመችበት ስፍራ ለዘለዓለም ትኖራለች የሚል ቃል አልተሰጠንም። ታቦተ ጽዮን ለረጅም ዘመን የነበረችበት ሴሎ ባዶውን እንደ ቀረ ነቢዩ ኤርምያስ ለሕዝቡ አስታውሷቸዋል (ኤር. 7፥12)። የኤፌሶን ቤተ ክርስቲያንም ንስሐ ካልገባች መቅረዟ ከስፍራው እንደሚወሰድ ተነግሯት ነበር (ራእ. 2፥5)። ዛሬ ኤፌሶን በቱርክ አገር ጎብኚ የሚመላለስባት ፍርስራሽ ናት።

እንግዲህ አንዲት አጥቢያ ልትደክም ትችላለች ማለት ክህደት አይደለም። ክህደቱስ ደክማ እያየናት «ደኅና ናት» ማለታችን ነው።

ቅዳሴ የሚታጎለው እንዴት ነው?

የአንዲት ቤተ ክርስቲያን መዘጋት በአንድ ጀንበር አይመጣም። በሥርዓታችን ለቅዳሴ 5 ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ 2 ካህናትና 3 ዲያቆናት። ለመሥዋዕቱ ንጹሕ ስንዴ፣ ዘቢብ፣ ዕጣን፣ ጧፍ ያስፈልጋል። ትንሹ ልጅ ከየኔታ እግር ሥር ተምሮ ድቁና ይቀበላል፤ ሲያድግ አግብቶ ይቀስሳል ወይም ይመነኩሳል፤ አለዚያም እንጀራ ፍለጋ ይሄዳል። ከሥሩ የሚተካው ሌላ ልጅ ከሌለ ግን 3 ዲያቆናት 2 ይሆናሉ፣ 2ቱም 1 ይሆናሉ። ያን ጊዜ የሰንበቱ ቅዳሴ በየሁለት ሳምንቱ ይሆናል። ቀጥሎ በወር አንድ ጊዜ፣ በታቦቱ ቀን ብቻ ይሆናል። በመጨረሻም ለዓመቱ ንግሥ ብቻ ካህናት ከጎረቤት ተለምነው ይመጣሉ። ቁልፉ በአንድ ሽማግሌ ወገብ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ይህ ለምን ሆነ? አንዱ ምክንያት ኑሮ ነው። ቀድሞ ካህኑ ያገለግል የነበረው የቤተ ክርስቲያን መሬት ይዞ ነበር። የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ ያ መተዳደሪያ ቀረ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1965 ዓ.ም.፣ በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ ቃለ ዓዋዲ ወጥቶ ሰበካ ጉባኤ ተቋቁሞ ነበርና ቤተ ክርስቲያን በልጆቿ አስተዋጽኦ መኖር ጀመረች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው በበዛበት ቦታ ይህ ሠርቷል። ሰው ጥቂት በሆነበት፣ ያውም ድሀ በሆነበት ቦታ ግን አስተዋጽኦው ከየት ይምጣ? ሌላው ምክንያት ስደትና ጦርነት ነው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዘለቀው የሰሜኑ ጦርነት ካህናት ተገድለዋል፤ ተሰደዋል፤ አብያተ ክርስቲያናትም ተጎድተዋል።

ደግሞም ይህ ነገር የገጠር ብቻ አይምሰላችሁ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ መንገድና ሰፈር እንደ አዲስ ሲሠራ ከፒያሳ፣ ኋላም ከካዛንቺስ፣ ብዙ ሰው ወደ ከተማው ዳርቻ ሄዷል። ቤተ ክርስቲያኑ በቦታው አለ፤ ሰንበቴው ግን ተበትኗል። በሁለትና በሦስት ታክሲ ወደ ጥንት ደብራቸው የሚመጡ እናቶችና አባቶች አሉ። አጥቢያ ማለት ግንቡ ነው ወይስ ሰዉ? ይህ ጥያቄ እኛም ደጃፍ ደርሷል።

በአንድ ተራራ ላይ ሁለት ታሪክ

እስቲ ከመገናኛ ሳንርቅ ወደ ሰሜን ቀና እንበል። ባሕር ዛፍ የለበሰው የየካ ተራራ ይታያል። በዚያ ተራራ ላይ ዋሻ ሚካኤል አለ፤ ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነው። አባቶች ዘመኑን እስከ አብርሃ ወአጽብሐ ያደርሱታል፤ የታሪክ አጥኚዎች ደግሞ ከዚያ ያነሰ ዕድሜ ይሰጡታል። ዛሬ ጣሪያው ተደርምሶ ግድግዳውና ዓምዱ ሰማይ ያያል። ከተራራው ግርጌ ግን የካ ቅዱስ ሚካኤል አለ። በየወሩ በ12 ደጁ በነጠላ ነጭ ይሆናል፤ ጥር 12 ቀን ታቦቱ ከጥምቀተ ባሕር ሲመለስ መንገዱ ሰውን አይችለውም። ልብ በሉ፤ ከላይ ያለው ቤት ፈረሰ፤ በመልአኩ ስም የሚቀርበው ምስጋና ግን አልፈረሰም። ላይኛውንም ቢሆን የሚያውቀው ሰው «ተራ ዋሻ» ብሎ አያልፈውም፤ ጫማውን አውልቆ ነው የሚገባው።

ያንኑ ሰንሰለት ይዘን ወደ ምዕራብ ብንሄድ ደግሞ እንጦጦ ላይ ሌላ ታሪክ እናገኛለን። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነው። ይሁን እንጂ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆርቁራ ስለነበር ከተማው ከብርዱና ከማገዶ እጥረቱ ሸሽቶ ወደ ፍል ውኃው ሜዳ ወረደ። ያኔ አንድ ብልህ ነኝ ባይ «ሕዝቡ ወርዷል፤ ታቦታቱም ይውረዱና ነገሩ ያብቃ» ሊል ይችል ነበር። እንጦጦ ማርያምና እንጦጦ ቅዱስ ራጉኤል ግን ከ130 ዓመት በኋላ ዛሬም ይቀደስባቸዋል። ከታች ያለው ሕዝብ ዳገቱን ወጥቶ ይሳለማል፤ ይጠመቃል፤ ሱባኤ ይይዛል።

ሁለቱም በአንድ ተራራ ሰንሰለት ላይ ናቸው። አንዱ ፈርሶ አገልግሎቱ ከታች ቀጠለ፤ ሌላው ከተማው ጥሎት ሄዶ በቦታው ጸና። ስለዚህ «ሰው ካነሰ ይዘጋ» የሚል ደንብ የለም፤ «ምንም ቢሆን አይነካ» የሚልም ደንብ የለም። የሚለየው አንድ ነገር ነው፦ ለዚያ ሕዝብ የሚቀድስለት፣ ያ ሕዝብም የሚቆርብበት አለ ወይ?

ሦስቱ መንገዶች

የመጀመሪያው መቀጠል ነው። ይህ እውነተኛ የሚሆነው ከሕንፃው በፊት ለልዑካኑ ሲታሰብ ነው። ሁለት ጎረቤት አጥቢያዎች ካህናቶቻቸውን በፈረቃ ቢያቀባበሉ፣ አንድ ሰንበት እዚህ አንድ ሰንበት እዚያ ቢቀድሱ፣ ሁለቱም ደጆች ክፍት ይሆናሉ። 3 ሕፃናት ከየኔታ ዘንድ ቢላኩና ስንቃቸው ቢሸፈን ከጥቂት ዓመታት በኋላ 3 ዲያቆናት ይገኛሉ። ከቆርቆሮው ይህ ይረክሳል፤ ግን ፎቶ አይነሣበትም፣ ሪባንም አይቆረጥበትም። ለዚህ ነው ለጋሽ የማይበዛለት።

ሁለተኛው መደረብ ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በብዙ ደብሮቻችን መንበር ላይ ከባለ ደብሩ ታቦት ጋር ደባል ታቦት አለ፤ ወርኃዊና ዓመታዊ በዓሉ ይከበርለታል። ታቦተ ጽዮን በአቢዳራ ቤት 3 ወር በእንግድነት በተቀመጠች ጊዜ እግዚአብሔር አቢዳራንና ቤቱን እንደ ባረከ ተጽፏል (2ሳሙ. 6፥11)። እንግዳ ታቦት የሚቀበል አጥቢያ ሸክም ተቀበለ አይባልም፤ በረከት ተቀበለ እንጂ። ሆኖም የመጡትን ምእመናን «ስደተኞች» አድርጎ ከኋላ ማቆም አይገባም። ከሰበካ ጉባኤው ወንበር፣ ከሰንበቴው ተራ፣ ከማኅሌቱ ቦታ ይሰጣቸው። መደረብ በወረቀት አልቆ በልብ ካልሆነ ሁለት የተኳረፉ ሰዎችን አንድ ቤት እንደ መቆለፍ ነው።

በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ይህን ፈተና ያውቁታል። ሁለቱ ሲኖዶሶች በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ ታርቀው አንድ ከሆኑ በኋላ በአንድ ከተማ ለየብቻ ሲቀድሱ የነበሩ ትናንሽ አጥቢያዎች «አሁን ለምን ሁለት ኪራይ እንከፍላለን?» ብለው መጠየቃቸው አልቀረም። እርቁ በአንድ ቀን ታወጀ፤ የልብ መገናኘት ግን ዓመታት ይፈልጋል። አንድ የሚያደርገው የኪራይ ሒሳብ ብቻ ከሆነ ኪራዩ ሲቀል መልሶ ይለያያል።

ሦስተኛው መዝጋት ነው። ከሁሉ የሚመረው ይህ ነው። ለምን ይመራል? እስቲ በዚያ መንደር ያለች እናት ሁኑ። ወንድ ልጅሽን በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅሽን በ80 ቀኗ ክርስትና ለማስነሣት ግማሽ ቀን ልትሄጂ ነው። ባልሽ ሲያርፍ ፍትሐት የሚያደርስ ካህን ከወንዝ ማዶ ይጠበቃል፤ ወንዙ በክረምት ይሞላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የእናትሽና የአባትሽ አጽም ያረፈው በዚያ ግቢ ነው። «ዝጉና ወደዚያኛው ሂዱ» የሚል ሰው ይህን ሳያስብ ተናግሮ ከሆነ አልረዳም፤ ቁስል ላይ እንጨት ሰደደ እንጂ።

ቢሆንም መዝጋት ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የሚቀርብ ሰው ከሌለ፣ ታቦቱ ያለ ዕጣንና ያለ ጠባቂ ለሌባ ከተጋለጠ፣ ክብሩ በመነሣቱ ነው የሚጠበቀው። ያን ጊዜ በሀገረ ስብከቱ ሊቀ ጳጳስ ፈቃድ፣ በካህናት እጅ፣ በጸሎትና በዝማሬ ይሁን። ቤተ ክርስቲያን ያለ ጳጳስ ፈቃድ አይተከልም ብሎ ፍትሐ ነገሥቱ ሲያዝ፣ የተተከለውስ በጥቂት ሰዎች ስብሰባ ሊነቀል ነውን? ዖዛ ታቦቷ እንዳትወድቅ አስቦ ነበር እጁን የዘረጋው፤ አሳቡ በጎ ቢመስልም መቅሠፍት አገኘው (2ሳሙ. 6፥6-7)። ቸኩሎ መርዳትም እንዲህ ያስቀጣል። የተዘጋው ቦታ ደግሞ አይሸጥ፣ አይታረስ፤ መቃብሩ ይከበር፤ በዓመት አንድ ቀን እንኳ ካህናት ሄደው ጸሎተ ፍትሐት ያድርሱበት። በአውሮፓ የተዘጉ አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት መሸጫና ምግብ ቤት ሲሆኑ ሰምተን እናዝናለን። እኛስ ጥለነው የመጣነው የአያቶቻችን ደጅ ዛሬ ምን ላይ እንዳለ እናውቃለን?

አስቀድሞ መጠየቅ

በዐቢይ ጾም አራተኛው ሳምንት የምናስበው መጻጕዕ 38 ዓመት በአልጋ ላይ የኖረ ሕመምተኛ ነው። ጌታችን ወደ እርሱ መጥቶ ወዲያው አልፈወሰውም፤ መዳን ይፈልግ እንደ ሆነ አስቀድሞ ጠየቀው። ሕመምተኛውም ውኃው በተናወጠ ጊዜ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ተናገረ (ዮሐ. 5፥1-9)። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ ከጠየቀ፣ እኛ የማናውቀው ሰዎች ሳንጠይቅ እንዴት እንወስናለን? ስለዚህ የደከመች አጥቢያን ለመርዳት የሚሄድ ማኅበር፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ወይም ምእመን ቢያንስ ይህን ይጠይቅ።

አንደኛ፣ ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ ተቀደሰ? የሚሰጠው መልስ «ይቀደሳል» ብቻ ከሆነ ቁጥሩ ይቆጠር።

ሁለተኛ፣ በመንደሩ የቀሩት እነማን ናቸው? አቅመ ደካሞችና ሕፃናት ከሆኑ ርቀቱ ለእነርሱ ምን ማለት ነው? በጎረምሳ እግር የአንድ ሰዓት መንገድ ለአሮጊት የሦስት ሰዓት ነው።

ሦስተኛ፣ የሚማር ልጅ አለ? ካለ ተስፋ አለ።

አራተኛ፣ የቅዳሴው መታጎል ከድህነት ነው ወይስ ከጠብ? ይህን ሳትፈሩ ጠይቁ። ካህናቱና ሰበካ ጉባኤው ተጣልተው ሕዝቡ ወደ ሌላ አጥቢያ የሸሸ እንደ ሆነ መድኃኒቱ እርቅ ነው። ገንዘብ ብትጨምሩበት ጠቡን ነው የምታፋፍሙት።

አምስተኛ፣ ጎረቤት አጥቢያስ ምን ይላል? አንዷን ስታቆሙ ሌላዪቱን እንዳታደክሙ።

እነዚህን ሁሉ ጠይቃችሁ ስታበቁ ዝም ብላችሁ ስሙ። የሀገሬው ካህንና ሽማግሌ፣ በተለይም እናቶች፣ ይናገሩ። የመጨረሻው ቃል የእነርሱና የሊቀ ጳጳሳቸው ነው።

የገንዘባችን ፈተና

ውድ አንባቢ፣ አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ገንዘባችን እውነትን የሚያፍን ሊሆን ይችላል። ለጋሹ ሕንፃ ማየት እንደሚወድ ያወቀ አጥቢያ «ካህን የለንም» ማለት ያፍራል፤ «ጣሪያ ይቀረናል» ይላል። እኛም ጣሪያ እንሠራለን። ከዓመታት በኋላ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ከሥሩ የተቆለፈ በር ይዞ ይቀራል። ይህ የእነርሱ ውሸት ነው ወይስ የእኛ? እውነቱን ለመናገር የእኛ ይበልጣል፤ እንዲህ ያለ መልስ ያስለመድናቸው እኛ ነንና።

«ታዲያ ባልሰጥስ?» አትበሉ፤ ስጡ እንጂ። ግን ከሀገረ ስብከት የተጻፈ ደብዳቤ መኖሩን ጠይቁ። አንድ ቆሎ ተማሪ፣ አንድ የኔታ፣ አንድ ያረጁ ቄስ ያዙ፤ የጽዋ ማኅበራችሁ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ቢያዋጣ ይበቃል። ከተቻለ ለንግሡ ዲያቆናት ይዛችሁ ሂዱ፤ ከሕዝቡ ጋር ቁሙ፤ ቁረቡ። ያን ጊዜ ማን እንዳለና ማን እንደሌለ በዓይናችሁ ታያላችሁ። በከተማ ደብራችን ሌላ ጉልላት ከማከላችን በፊትም ነቢዩ ሐጌ በተሸለመ ቤት ተቀምጠው የእግዚአብሔርን ቤት ፍርስራሽ የተዉትን እንዴት እንደ ወቀሰ እናስብ (ሐጌ 1፥4)። ያ ወቀሳ ዛሬ ለግል ቤታችን ብቻ አይደለም። አንዱ ደብር በእብነ በረድ ላይ እብነ በረድ ሲጨምር፣ ሌላው ዘቢብ አጥቶ ቅዳሴ ሲያስታጉል፣ ሁለቱም የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

ይህን ጽሑፍ ጨርሳችሁ ወደ ቤት ስትሄዱ በመገናኛ በኩል የምታልፉ ከሆነ ያ ጥላ እዚያው ይኖራል። ብሩን ከመጣላችሁ በፊት አንዴ ቆም በሉ። የዚያችን እናት ጥያቄ ጠይቁ፦ ቄስ አላት? መልሱ «የላትም» ከሆነ የሰጣችሁት ብር ሥራችሁን አልጨረሰላችሁም፤ ገና ጀመረላችሁ። መጻጕዕ 38 ዓመት ያጣው ውኃ አልነበረም፤ ሰው ነው።

ሕመምተኛውን ከአልጋው ያስነሣ አምላክ የደከሙትን አጥቢያዎች በቸርነቱ ያቁምልን፤ ለተነሡት ታቦታት ማደሪያ፣ ለተበተኑት ምእመናን ሰብሳቢ እረኛ ይስጥልን፤ እኛንም ለወንድሞቻችን ሰው ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።